ብርቄ በአንድ እጅ የሰጠችኝ ጣባ

ንገሪን ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ዝናብ ከቤት አስቀርቶን ባቄላ ስንፈለፍል ቀኝ እጄ ዘገየብኝና ትንሿ ሳቀች። «አያቴ፣ ይሄ እጅሽ ሰነፍ ነው እንዴ?» አለች። ታላቋ ሰናይት ተቆጣቻት። ከዚያ ደግሞ እሷው ወደ እኔ ዞራ «ግን እውነት ምን ሆኖ ነው? ከመጀመሪያው ንገሪን፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ መጻፍ ግን ያደክመኛል። ስለዚህ እኔ አወራሁ፣ እሷ ጻፈች። ያላልኩትን የጨመረችበትን ቦታ አስነብቤ አስጠፍቻታለሁ።

ነገሩ የበሽታ ወሬ ነው። ቅናቴን ደብቄ ባወራላችሁ ግን ግማሹ ውሸት ይሆንብኛል።

ያኔ እኔ መንገድ የማልጠግብ ሴት ነበርኩ። ቤቴ ወልቂጤ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፤ ኑሮዬ ግን ከገበያ ገበያ ነው። ዛሬ አገና፣ ከነገ ወዲያ ወልቂጤ፣ ሲለኝ ደግሞ እስከ ቡኢ። ቃጫና ቅቤ አዝዬ፣ ሚኒባስ ሲገኝ በሚኒባስ፣ ሲጠፋ በእግሬ። ሰው «ዘነቡ፣ አይደክምሽም?» ሲለኝ «የሚያደክም መቀመጥ ነው» እለው ነበር። ራሴን ያመኛል፤ ማጅራቴን ጠፍንጎ ይይዘኛል። የሸክም ነው እላለሁ። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። የፀሐይ ነው እላለሁ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

እህቴ ብርቄ ደግሞ ቡታጅራ ናት። በሦስት ዓመት እበልጣታለሁ። ልጆች ሳለን ቡታጅራ የሚነግድ አጎታችን አገና አጠገብ ወዳለው መንደራችን መጣና አባታችንን «አንዷን ስጠኝ፣ ላስተምራት» አለው። እኔ ቀሚሴን አጥቤ ተዘጋጀሁ፤ ታላቅ እኔ ነኛ። አባቴ እኔንም እሷንም አየና «ዘነበች ጠንካራ ናት፣ እንሰቱን ማን ይፍቅልኛል? ትንሿን ውሰድ» አለ። በጥንካሬዬ ቀረሁ። ብርቄ በበቅሎ ኋላ ተፈናጣ ስትሄድ ስሜን እየጠራች እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር፤ እኔ አላወዛወዝኩላትም።

እሷ ተማረች፣ ነጋዴ አገባች፣ ቤት ሠራች። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌ ሞተ፣ ተሸከምኩ። ቡታጅራ በሄድኩ ቁጥር በደጇ አልፋለሁ፤ አልገባም። በሩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደሆነ ብቻ አይቼ እመለሳለሁ። ገበያ ላይ ሰው «እህትሽ እኮ ደግ ናት» ካለኝ ቶሎ እንዲሄድልኝ ቅቤውን መርቄ እሰጠዋለሁ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እጇ ነበር። በዓመት አንዴ፣ በመስቀል፣ አባታችን ቤት እንገናኛለን። ያን ጊዜ አየዋለሁ፤ የወርቅ ቀለበት ያለበት ግራ እጇ ከነጠላዋ ሥር ጭኗ ላይ ተኝቷል። ይህ የማወራላችሁ ዓመት ሲደርስ ደግሞ ጨርሶ እመቤት ሆና ነበር የመጣችው። ቦርሳዋን ልጇ ትይዝላታለች፣ ውሃ ሌላ ሰው ያስታጥባታል። እኔ የእኔን እጅ አያለሁ፤ ከእንሰቱ ብዛት ጥቁረቱ አይለቅም፣ መሐሉ ተሰነጣጥቋል። ካንድ ማህፀን የወጡ አራት እጆች ናቸው፤ ሦስቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ቀለበት ለብሶ ይተኛል እል ነበር በልቤ።

እንግዲህ የዚያ ዓመት የመስቀል እርድ ቀን ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ወንድማችን ገብሬ ቤት ነበርኩ፤ የአባታችንን ቤት የያዘው እሱ ነው። ጠዋት ቆጮውን ስከትፍ ቀኝ እጄ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ቢላዋው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ጎረቤታችን ሙሉ አየችኝና «ምነው ዘነቡ፣ ሀብታሟ እህትሽ ትመጣለች ብለሽ ተንቀጠቀጥሽ እንዴ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ የብርቄ መኪና በጀፎረው፣ በመንደራችን ሰፊ የሣር መንገድ ላይ መጥታ ቆመች። የምትነዳው ልጇ ሄለን ናት። አስቡት፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስለምን የኖርኩ፣ ትናንት የተወለደች ልጅ መሪ ጨብጣ ስትመጣ! ብርቄ ወረደች። ነጠላዋ እንደ በረዶ ነጭ ነው። ሄለን ከኋላ አዲስ ጣባ በጨርቅ ጠቅልላ አወጣች።

«የአባታችን ቤት ጣባ አልበቃ አለሽ?» አልኳት፣ ገና ጉንጯን ሳልስም።

«ላንቺ ብዬ ነው እቴ፤ ዘንድሮ እኔ ራሴ ልሰጥሽ ፈልጌ ነው» አለችኝ።

እዚህ ላይ አገራችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በመስቀል ክትፎው በጣባ፣ በሸክላው ሳህን፣ በኮባ ቅጠል ላይ ሆኖ ሲቀርብ ታናሽ ለታላቅ የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጅ። ተቀባዩም በሁለት እጅ ይቀበላል። በአንድ እጅ ለውሻ እንኳ አይሰጥም ይባላል። ያን ያላወቀ ልጅ በእኛ ቤት አያድግም። ብርቄም ከእኔ ጋር አንድ ምድጃ ሥር ነው ያደገችው።

ምርቃቱ አለቀ፣ ክትፎው ወጣ፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ብርቄ ከሄለን ላይ ጣባውን ተቀበለች፤ ወደ እኔ መጣች፤ ጎንበስ አለች። «እንኳን አደረሰሽ እቴ» አለች። ቀኝ እጇን ብቻ ዘረጋችልኝ። ግራው እዚያው ነጠላው ውስጥ ነው።

ሰው ሁሉ አየ። ጎረቤታችን ሙሉ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ኧረ የቡታጅራ ሰው እጁ አንድ ነው እንዴ!» አለች። አንዱ ከወዲያ ሳቀ። ደሜ ወደ ራሴ ሲወጣ ተሰማኝ። አልቀበልም ልል ነበር፤ አዎ፣ ልል ነበር፤ ይሄን አልዋሽም። ግን በዓመት በዓል የአባቴን ቤት ማዕድ መግፋት ፈራሁ። እንግዲያው እኔ ሥርዓት አለኝ፣ እኔ በሁለት እጅ ልቀበላትና ትፈር ብዬ ሁለቱንም ዘረጋሁ።

ዘረጋሁ ያልኩት እኔ ነኝ። የመጣው ግን ግራዬ ብቻ ነው። ቀኜ ከጎኔ አልተነሳም። ጣባው በግራ መዳፌ ላይ አዘነበለ፣ ወረደ፣ ተሰበረ። ክትፎው በቀሚሷና በመሬቱ ላይ ተበተነ።



«ዘነበች!» አለ ገብሬ። «የአባትሽን ቤት ማዕድ ትጥያለሽ? በቅናት?»

ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔ በሆዴ የደበቅኩት መስሎኝ፣ ሁሉም ያውቁት ነበር። አልጣልኩትም ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው «አል... ል... ል...» ነው። ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወፍራም ሆነች። አንዱ «ጠጁ ነው» አለ። ሌላው «ተዉአት፣ አፍራ ነው» አለ። ግድግዳው ወደ ቀኝ ዞረ። ከዚያ መሬት ላይ ነበርኩ።

ሙሉ ዘልላ መጣች፤ የሰፈሩ መድኃኒት አዋቂ እሷ ናት። ፊቴን ያዘችና «አፏ ተጣሟል! ምች ነው! ትናንት ቅቤ ተሸክማ በፀሐይ ስትመጣ አይቻታለሁ። ዳማከሴ ቁረጡ! ቅቤ አምጡ!» ብላ ጮኸች። ተሸክመው ጓዳ አስገቡኝ፤ ኮባ አንጥፈው አስተኙኝ። ራሴ ላይ ቅቤ ደፉ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ አለኝ። ልተኛ ነው፣ ያልፍልኛል አልኩ። ደግሞም ከሰው ዓይን ወጣሁ።

ብርቄ ጨርቋ ላይ ክትፎው እንዳለ ገባች። አጠገቤ ተንበረከከች። ፊቴን በቀኝ እጇ ወደ ራሷ አዞረችና እንዲህ አለችኝ፦

«እቴ፣ ሳቂልኝ።»

አያችሁልኝ? ሳቂ አለችኝ! ጣባዬ ተሰብሮ፣ ስሜ ተሰብሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሳቂ። ብችል እተፋባት ነበር።

«ሳቂ ስልሽ! ጥርስሽን አሳዪኝ!»

አፌን አንቀሳቀስኩ። ከግራ በኩል ብቻ እንደተነሳ ተሰማኝ። ብርቄ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከፈተች።

«ሁለቱንም እጅሽን አንሺ።»

ሁለት እጅ ትለኛለች፣ ይቺ ለእኔ በአንድ እጅ የሰጠች! ግራዬን አነሳሁ። ቀኙ ተኝቶ ቀረ።

ሙሉ የዳማከሴውን ጭማቂ በስኒ ይዛ ወደ አፌ ስታስጠጋ ብርቄ ስኒውን በክንዷ መታችው፤ ጭማቂው በጓዳው ግድግዳ ላይ ተረጨ።

«አታጠጪያት! ያንቃታል! ውሃም አትስጧት!»

«እንዴ! እኔ ነኝ ወይ የማንቃት?» አለች ሙሉ። «ከከተማ መጥተሽ ምች ታስተምሪናለሽ?»

«ምች አይደለም። ሄለን፣ መኪናውን አስነሺ!»

ገብሬ በሩ ላይ ቆመ። «ብርቄ፣ ተረጋጊ። በመስቀል ቀን በሽተኛ ከአባቱ ቤት አይወጣም። ቅቤው ይሥራ፤ ነገ ጠዋት እናያለን።»

«ነገ ጠዋት የምታየው የማይሠራ እጅ ነው! የማይናገር አፍ ነው!»

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ከየት አወቅሽ?»

ብርቄ ነጠላዋን በግራ ትከሻዋ ላይ ሳብ አደረገች። «ከቴሌቪዥን» አለች።

እዚያ ኮባ ላይ ተዘርሬ፣ ቅቤ በግንባሬ እየወረደ፣ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ቴሌቪዥን አላት፤ እሷ ተቀምጣ በሽታዬን በቴሌቪዥን ታያለች፣ እኔ በሽታዬን ተሸክሜው እዞራለሁ አልኩ። ሞት ደጄ ቆሞ እኔ በቴሌቪዥን እቀናለሁ።

ብርቄ ወንድማችንን ደረቱን ገፋችው። በልጅነታችን እንኳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ «ወንድ ከሆንክ በጋቢ አንሳት! ካልሆንክ ከበሩ ሂድ!» አለችው። ገብሬ እንደተሰደበ ሰው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ጋቢውን አወለቀ። አራት ሆነው በጋቢው አነሱኝ፤ በጀፎረው ላይ ስሄድ ሰማዩንና የሰዎቹን አገጭ ብቻ አያለሁ። ሙሉ ከኋላ «ቅቤውን አትጥረጉባት!» ትላለች።

ከኋላው ወንበር አስተኝተውኝ ራሴን ብርቄ ጭን ላይ አደረጉት። ወንበሩ እንደ ሊጥ ይሰምጣል። ሽቶዋ ይሸተኛል። በቅቤዬ ቀሚሷን አበላሸሁባት፤ አልገፋችኝም።

«ሄለን፣ ጣባው የወደቀው ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት ተኩል ገደማ እማዬ።»

«ሰባት ተኩል። አትርሺው። ሰባት ተኩል።»

መንገዱ በበዓል ሰው ተሞልቷል። ከብት፣ ልጆች፣ ሰው ጣሪያው ድረስ የጫነ ሚኒባስ። ሄለን ጥሩንባውን ትነፋለች፣ ደግሞ ታለቅሳለች። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሲጠመዘዝ ራሴ ከጭኗ ተንሸራቶ በሩን መታው። ብርቄ በቀኝ እጇ መለሰችኝ። በሁለት እጇ ብትይዘኝ ምናለበት? አልኩ። አሁንም ያ ግራ እጇ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ቀለበቱ ያብለጨልጫል። እዚህም እመቤት ናት።

«እቴ፣ እንዳትተኚ። ስምሽ ማነው? ንገሪኝ።»

«ዘ...» አልኩ።

«ዘነበች። የማን ልጅ?»

ላስታውስ አልቻልኩም። የአባቴ ስም! ያ ስም በአንደበቴ አልመጣም። ያን ጊዜ ነው እውነት የፈራሁት። እንባዬ በግራ ዓይኔ ሲወርድ ተሰማኝ፤ በቀኙ ወርዶ እንደሆነ አላውቅም። ብርቄ ጠረገችው። ደግሞ ጠረገችው። «አለሁ፣ አለሁልሽ» ትላለች። ድምፅዋ የልጅነታችን ድምፅ ነበር፤ በበቅሎዋ ላይ ሆና የጠራችኝ።

ወልቂጤ ሆስፒታል ደረስን። ድንገተኛ ክፍል አስገቡኝ። ወጣት ሐኪም የደም ግፊቴን ለካ፤ ቁጥሩን አየና ደግሞ ለካ።

«መቼ ጀመራት?»

«ሰባት ተኩል ላይ» አለች ብርቄ። «ምንም አልጠጣችም፣ ውሃም። ግፊት ተለክታ አታውቅም። ቀኝ እጇና አፏ ነው።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «እንዲህ አድርጎ የሚያመጣልን ሰው ቢበዛ ጥሩ ነበር» አላት። እኔ ይሄንንም ሰማሁ። እዚያም እሷ ተመሰገነች።

ራስ ፎቶ ወደሚነሳበት ወስደው አነሱኝ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቷል፣ ደም ግን አልፈሰሰም አሉ። ስትሮክ ይባላል። መድኃኒት ጀመሩልኝ። ብርቄ ሁለት ቀን አጠገቤ አደረች። ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገኛለች፤ ጨርቁን የምትጨምቀው ግን ሄለን ናት። ጨርቅ ለመጭመቅ እንኳ ሰው ታዛለች አልኩ በልቤ። መናገር ስላልቻልኩ ቅናቴ ሁሉ ውስጤ ቀርቶ ይፈላ ነበር። በየጠዋቱና በየማታው ከቦርሳዋ ትንሽ ሳጥን ታወጣለች፤ ክኒን በየቀኑ ተደልድሎ የተቀመጠበት። ዞር ብላ ትውጣለች። ሀብታም ክኒኑም ቤት አለው አልኩ። የምን ክኒን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ቀናተኛ ሰው አይጠይቅም፤ ያየው ይበቃዋል።

አጠገቤ ባለው አልጋ አንዲት የእኔ እኩያ ሴት ነበሩ። ሸክላ እየሠሩ፣ ተሸክመው እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ። እጃቸው የእኔ እጅ ነው፤ መሐሉ እንደ እኔው የተሰነጠቀ። እሳቸውም አፋቸው ተጣሞ፣ እንደ እኔው ምች ተብለው ሦስት ቀን በዳማከሴ ተይዘው ነው የመጡት። አይናገሩም፣ አይነቁም። ልጃቸው ዘይነባ ቀንም ሌሊትም እግራቸው ሥር ትቀመጣለች።

ብርቄ ወደ ቡታጅራ የተመለሰች ቀን ዘይነባ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ። ያቺ ያመጣችሽ እህትሽ ናት?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ታድለሽ» አለችኝ። «እኛ መኪና እስክናገኝ ሦስት ቀን ፈጀን። መጀመሪያ ቀን ያመጣናት ቢሆን... ታድለሽ፣ ወላሂ።»

ታድለሽ! ይሄን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስለብርቄ ስለው ነው የኖርኩት። ታድላ፣ ታድላ፣ ታድላ። ማንም ለእኔ ብሎት አያውቅም። ልጅቷ ስታየኝ ዓይኗ ውስጥ ያለውን አውቄዋለሁ፤ የራሴ ዓይን ነው። ቡታጅራ የብርቄን በር ቀለም የማይበት ዓይን። አልጋዬን፣ ግራ እጄን፣ ትንሽ ትንሽ መለስ ያለ አፌን በዚያ ዓይን ታያለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሊቀናብኝ የሚገባ ነገር አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ደግሞ ሰው ሲቀናብኝ እንዲህ እንደሚያሳፍር አላወቅኩም።

በአምስተኛው ቀን ስነቃ ያ አልጋ ባዶ ነበር። አንሶላው ተቀይሯል። ዘይነባን ደግሜ አላየኋትም።

አፌ ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቅሁት ያን ሐኪም ነው። እየተኮላተፍኩ «ልጄ፣ እኔና እህቴ ካንድ እናት ነን። ለምን እኔን ብቻ?» አልኩት። ብቻ ያልኩት እኔ ነኝ።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እማማ፣ ግፊት ከእናት ሊወረስ ይችላል። ለምን እርስዎን እንዳገኘዎት በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም። ግን ጭንቅላት ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች እጅግ ቀጭን ናቸው። ግፊቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሲመታቸው ግድግዳቸው ይደነድናል፣ ይጠባል። ተለክቶ ክኒን የሚወስድ ሰው ይጠበቃል። የሚጨነቅ፣ የማያርፍ፣ ያገኘውን በጨው የሚበላ፣ ሐኪም የሚያየው ሲወድቅ ብቻ የሆነ ሰው ደግሞ... የደም ሥርም በኑሮ ያረጃል እማማ።»

ቃጫ አሰብኩ። ዕድሜዬን የሸጥኩት ገመድ። ገመድ በአንድ ቀን አይበጠስም፤ በየቀኑ በሸክሙ አንድ አንድ ክር ይለቃል፣ ከላይ ግን ደህና ይመስላል። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለ ገመድ በየገበያው፣ በየቁልቁለቱ ሲሳሳ ነበር፤ እኔ የሸክም ነው፣ የፀሐይ ነው እላለሁ። አባቴ ጠንካራ ናት ብሎ ያስቀረኝ ቀን ይሆን መሳሳት የጀመረው? እሱን አላውቅም። ሐኪሙንም አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ላሳጥርላችሁ። አፌ ተመለሰ፤ ስቆጣ ብቻ ይኮላተፋል። እግሬ ተመለሰ። ቀኝ እጄ እንዳያችሁት ነው፤ ይሠራል፣ ግን ቀድሞ ይደክማል። መንገዴን አልተውኩም፤ ሸክሙን ተውኩ። በየወሩ ብርቄ ከቡታጅራ በሚመጣ ሚኒባስ ክኒን ትልክልኛለች፣ በሳጥን። አሁን እኔም የክኒን ቤት አለኝ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰው አፍ በድንገት ሲጣመም፣ እጅ አልታዘዝ ሲል፣ ምላስ ሲተሳሰር፣ ምች ነው ብላችሁ ኮባ ላይ አታስተኙ። አታጠጡ። ሰዓቱን ያዙ፣ ሰውየውን አንሱና ሩጡ። ዳማከሴውን ለጉንፋን አቆዩት። ሙሉ ራሷ ዛሬ ይሄን ለጎረቤት ትናገራለች፤ እኔ ያስተማርኳት አስመስላ አይደለም፣ ራሷ እንዳገኘችው አድርጋ ነው። ትናገረው ብቻ።

ቅናቴስ? ሰናይት «ተውኩት በይ፣ ያምራል» አለችኝ። አልተውኩትም። አሁንም እቀናለሁ። ብቻ ድሮ የምቀናው በበር ቀለም ነበር፤ አሁን ግፊት በመለካት ነው። አንዷ ሳትታመም በየወሩ ትለካለች፤ ሌላዋ ስልሳ ዓመት ተሸክማ መጀመሪያ የምትለካው አፏ ከተጣመመ በኋላ ነው። ለዚያች ሸክላ ሠሪ ሴትዮ እቀናላቸዋለሁ። በእሳቸው ፈንታ እቀናለሁ። ስለዚህ አገና ገበያ ስሄድ ቅቤ የሚሸጡትን፣ ማገዶ የሚያወርዱትን ሴቶች እጃቸውን እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ አደርሳለሁ። «ዘነቡ አበደች» ይሉኛል። «እህትሽ ሀብታም ናት፣ አንቺ ሥራ ፈታሽ» ይሉኛል። እስቃለሁ፤ አሁን በሁለቱም በኩል ነው የምስቀው፣ አረጋግጫለሁ።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እውነቱን ልናገር ብያለሁ። ነፍሴን ያተረፈችልኝ እህቴ መሆኗን እያወቅኩ ያን አንድ እጅ ይቅር አላልኩላትም። በየመስቀሉ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ እሷም ጣባ አልሰጠችኝም፤ ሄለን ነች የምትሰጠኝ፣ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብላ።

ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ቡታጅራ ሄጄ በዚያ በር ገባሁ። ብርቄ ሳሎን ከእንግዶች ጋር ናት። እኔ ኩሽና ሄለን ጋ ተቀምጬ እያወራን ሳለ አመለጠኝ። «እናትሽ ደግ ናት፤ ግን ምነው ያን ጊዜ እንደ ሰው በሁለት እጅ ብትሰጠኝ ኖሮ» አልኩ።

ሄለን የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች። በሩን ቀስ ብላ ገፋችው።

«አልነገረችሽም? እስካሁን?» አለችኝ።

ያ መስቀል ከመድረሱ ከዓመት በፊት ብርቄ እዚሁ ኩሽና ውስጥ ወድቃ ነበር። ያው የእኔው በሽታ ነው። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፣ መኪና ደጅ ነው፤ ቶሎ ደረሱላት። አፏ ተመለሰ፣ እግሯ ተመለሰ። ግራ እጇ ግን አልተመለሰም። ሄለን ለእኔ ልትነግረኝ ስትል እናቷ እንዲህ ብላ ከለከለቻት፦ «ተዪ። እህቴ እድሜዋን ሙሉ ቀንታብኛለች፤ ለምጄዋለሁ። ብታዝንልኝ ግን አልችለውም።»

ከዚያ መስቀል በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ በየጠዋቱ ኩሽና እየገባች፣ ግራ እጇን በቀኝ እጇ አንስታ ከባዶ ጣባ ሥር እያስገባች፣ በሁለት እጅ መስጠት ትለማመድ ነበር። ይወድቅባታል፤ ሌላ ታነሳለች። የቤቱ ጣባ ሁሉ ተሰብሮ አለቀ፤ ከገበያ እየገዛችም ሰበረች። ያ በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችልኝ አዲስ ጣባ ከገዛቻቸው ሳይሰበር የቀረው የመጨረሻው ነበር።